የድሮ ዘፈኖች ድረ ገጼን ለአዲስ አዘጋጅ እንዴት ላስረክብ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ሜሪላንድ የሚኖሩ አንድ አባት በ1992 ዓ.ም. የድሮ ዘፈኖችን ግጥም፣ የሸክላና የካሴት ሽፋን ፎቶ፣ የድምፃውያንንም ታሪክ የሚሰበስብ ድረ ገጽ ከፈቱ። እስካሁን ብቻቸውን ነው ያቆዩት። አሁን ዓይናቸው ደክሟል። አዲስ አበባ ያለች አንዲት ወጣት፣ ለዓመታት እርማት ስትልክላቸው የኖረች አንባቢ፣ "እኔ ልረከብዎት" ብላለች። እሳቸውም እንዲህ ብለው ጻፉልኝ፦ "ፓስዎርዱን ልላክላት ወይስ ሌላ ወግ አለው? ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ የማልወደውን ነገር ብታደርግበትስ? ስሜስ ይቆይ ይሆን?"

ጋሼ፣ ፓስዎርዱን ገና አይላኩላት። መላክዎ አይቀርም፣ ግን እሱ የመጨረሻው ሥራ ነው። ሰው ሁሉ ከእሱ ስለሚጀምር ነው ነገሩ የሚበላሸው።

የእኔ እንጀራ ድረ ገጽ ማዛወር ነው። የድርጅት አለ፣ የጋዜጣ አለ፣ እንደ እርስዎ በፍቅር የተሠራም አለ። ከሁሉም የሚያስቸግረኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ድርጅት ቢያንስ ፋይል አለው። የፍቅር ሥራ ግን ደረሰኝም ሰነድም የለው፣ ሁሉም ነገር ያለው ሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ያየኋቸው የተበላሹ ርክክቦች ደግሞ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው፣ ግማሽ መንገድ ላይ የቆሙ። የምትጽፈው ተረካቢዋ ናት፣ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ አድራሻ) ግን በአስረካቢው ስም ነው፣ ሆስቲንጉን (የፋይሎቹን ማስቀመጫ) የሚከፍለው የአስረካቢው ልጅ ነው፣ የማረጋገጫ ኮዱ የሚሄደው ማንም ወደማያነሳው ስልክ ነው። ለሁለት ሦስት ዓመት ሁሉም ሰላም ይመስላል። ከዚያ አንድ ቀን የልጁ ካርድ ጊዜው ያልፍበትና ድረ ገጹ ድንገት ይጠፋል። የት እንደሚደወል የሚያውቅ ሰው የለም።

ስለዚህ መስጠት ከወሰኑ ሁሉንም ይስጡ። ካልወሰኑ ደግሞ ለጊዜው ረዳት ያድርጓት፣ ምንም ነውር የለውም። መሃል ያለው ነው የሚገድለው።

ከዶሜይኑ እንጀምር። ዶሜይን ማለት ሰው የሚጽፈው አድራሻ ነው፣ ሆስቲንግ ደግሞ ፋይሎቹ የተቀመጡበት ኮምፒውተር። ሆስቲንጉ ቢጠፋ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ካለ በአንድ ቀን ሌላ ቦታ ይነሳል። ዶሜይን ከጠፋ ግን መመለሱ ዕድል ነው። የእርስዎ ዶት ኮም ስለሆነ አካሄዱ ይታወቃል። የዕድሳት ቀኑ ካለፈ በኋላ ብዙ ሬጂስትራሮች፣ ማለትም ዶሜይን የሚመዘግቡት ኩባንያዎች፣ እስከ 45 ቀን ድረስ ያስታምሙዎታል፣ ግን ግዴታ ስለሌለባቸው ቶሎ የሚዘጋም አለ። ቀጥሎ የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይመጣል፣ እዚህ ጋ የሚጠየቁት ከተለመደው ዕድሳት በብዙ እጥፍ ነው። ከዚያ 5 ቀን ማንም አይነካውም። ከዚያ ገበያ ይወጣል። ከ20 ዓመት በላይ ሰው ሲጠቅሰው የኖረን አድራሻ ደግሞ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች አሉ፣ በሰከንድ ያነሱታል። የጥላሁንን ግጥም ፍለጋ የመጣው ሰው የቁማር ማስታወቂያ ላይ ያርፋል።

ማዛወሪያው መንገድ ሁለት ነው። ቀላሉ፣ ልጅቷ እዚያው ሬጂስትራር ላይ በስሟ አካውንት ትከፍትና ዶሜይኑን ከእርስዎ አካውንት ወደ እሷ ማሻገር ነው። ብዙ ጊዜ ክፍያ የለውም፣ ቶሎም ያልቃል። እኔ ሁልጊዜ ይህን ነው የምመክረው። ሁለተኛው ወደ ሌላ ሬጂስትራር ማዛወር ነው፣ ለዚህ ሬጂስትራሩ ላይ የዶሜይኑን መቆለፊያ ከፍተው የዝውውር ኮድ ያወጣሉ። እዚህ ጋ ግን ወጥመድ አለ። የባለቤቱን ስም ወይም ኢሜይል መጀመሪያ ከቀየሩ፣ ዶሜይኑ ለ60 ቀን ሌላ ሬጂስትራር ጋ እንዳይሄድ ሊታገድ ይችላል። የዕድሳቱ ቀን በዚያ 60 ቀን ውስጥ ከወደቀ ራስ ምታት ነው። ሬጂስትራር መቀየር የግድ ከሆነ መጀመሪያ ይዛወር፣ ስሙ በኋላ ይቀየር።

ክፍያው ደግሞ ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት ለሚደረግ ርክክብ ዋናው ችግር ነው፣ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው። እሷ እጅ ያለው የብር ካርድ ውጭ አገር ላለ ሬጂስትራር አይከፍልም። የዶላር ካርድ የሚሰጡ ባንኮች አሉ፣ ሁሉም ሰው ግን የለውም። ዶት ኮምን ቢበዛ ለ10 ዓመት አስቀድሞ መክፈል ይቻላል። በዓመት 10 ወይም 20 ዶላር ገደማ ቢሆን፣ አንድ ጊዜ አውጥተው ይገላገላሉ። ሌላ ስጦታ ከሚያስቡ ይህን ይክፈሉላት። ሆስቲንጉን እዚያ አካባቢዎ ካሉ ወዳጆች አንዱ ሊከፍል ይችላል፣ አካውንቱ ግን በእሷ ስም ይሁን። ካርዱን ያስገባ ሰው ከፋይ ነው እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው መነጋገር ይሻላል፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ከዓመት በኋላ አስተያየት ማብዛት ይጀምራል።

የማረጋገጫ ኮዱ አሁን በእርስዎ ስልክ ነው የሚመጣው አይደል? አዲስ አበባ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ ስትጀምር እርስዎ ጋ ከሌሊቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። በየሌሊቱ ኮድ ሲያነቡላት አይኖሩም። የኮድ መስጫ መተግበሪያ እሷ ስልክ ላይ ይጫን፣ የመጠባበቂያ ኮዶቹም ታትመው አንድ ቦታ ይቀመጡ። ድረ ገጹ የተመዘገበበት ኢሜይልም መታየት አለበት። ጉግል ለሁለት ዓመት ያልተከፈተ የግል አካውንትን ሊሰርዝ ይችላል፣ ይህ ደንብ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ይሠራል። የዕድሳት ማስታወሻው ሁሉ የሚላከው ወደተረሳ የኢሜይል ሳጥን ከሆነ እስካሁን የዘለቁት በዕድል ነው።

አሁን ወደ ፊደሉ እንምጣ፣ እኔ ከሁሉም በላይ የምፈራው ይህን ነው። በ1992 የጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ ገጾች በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ደንብ፣ አይደሉም ብዬ እገምታለሁ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሥሪት 3.0 ነው፣ ኮምፒውተሮች በደንብ እስኪያሳዩት ደግሞ ዓመታት ፈጅቷል። ያኔ ሰው የሚጽፈው በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በመሳሰሉት ነበር። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ተውሰው ነው የግዕዝን ቅርጽ የሚያሳዩት። ፎንቱ የሌለው ሰው ገጹን ሲከፍት የሚያየው የእንግሊዝኛ ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ነው። የፍለጋ ሞተሮችም የሚያነቡት ያንኑ ስለሆነ፣ እነዚያ ግጥሞች እዚያው ተቀምጠው ሳለ ማንም ፈልጎ አያገኛቸውም። ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ መሣሪያዎች አሉ። ግን ገጹ በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ ካልታወቀ የሚወጣው ግጥም ሌላ ጉድ ነው። ይህን ሊነግራት የሚችለው እርስዎ ብቻ ነዎት። ተቀይሮ ካለቀም በኋላ አሮጌው ፋይል እንዳይሰረዝ፣ ስህተት የሚታየው ከወራት በኋላ ነው።

ባክአፕ ላይም ያው ፊደል ነው የሚያስቸግረው። ዳታቤዙ (ጽሑፎቹ የተከማቹበት ቋት) በተሳሳተ የፊደል ኮድ ከወጣ ሁለት ዓይነት ጉዳት አለ። አማርኛው እንግዳ የላቲን ፊደላት ዝርግፍ ሆኖ ከመጣ አይደንግጡ፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ከመጣ ግን ሄዷል። ሺህ ፊደል ሺህ ጥያቄ ምልክት ሲሆን 'ሀ'ን ከ'ለ' የሚለይ ነገር እዚያ ውስጥ አልቀረም። ስለዚህ "ባክአፕ ወስጃለሁ" ማለት ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይከፈት፣ ድረ ገጹ ከእሱ ይነሳ፣ አንድ ረጅም ግጥም እስከ መጨረሻው ስንኝ ይነበብ። ከዚያ እናምናለን።

ኋላ ላይ ወደ ዎርድፕረስ (ድረ ገጽ ማዘጋጃ ፕሮግራም) ከዞሩ ደግሞ ስለ ሊንኮቹ አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛ ርዕስ ሊንክ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል ወደ ዘጠኝ ምልክት ይለወጣል። ዎርድፕረስ ለርዕሱ የሚፈቅደው 200 ምልክት ነው። ስለዚህ ከ22 ፊደል ገደማ በላይ ያለው ርዕስ ሊንኩ ላይ ይቆረጣል። ሁለት ረጃጅም ርዕሶች በተመሳሳይ ቃላት ከጀመሩ ሊንካቸው አንድ ይሆንና ሁለተኛው ጫፉ ላይ ቁጥር ይለጠፍበታል። አስቀያሚ ነው፣ አውቃለሁ። ወጣትና ጎበዝ ተረካቢ መጀመሪያ የሚያሳክካትም ይህን ማስተካከል ነው። አትንካው ይበሏት። ሰዎች ለዓመታት የለጠፏቸው አድራሻዎች በሙሉ ባዶ ገጽ ይሆናሉ። መቀየር የግድ ከሆነ ከአሮጌው አድራሻ ወደ አዲሱ የሚመራ ቋሚ ማዞሪያ ለእያንዳንዱ ገጽ ታስቀምጥ።

ምንም ነገር ከመነካቱ በፊትም ዋና ዋና ገጾቹን ኢንተርኔት አርካይቭ (የድረ ገጾችን ቅጂ የሚያስቀምጥ ቤተ መዛግብት) ላይ ያስቀምጡ። ነጻ ነው፣ አድራሻውን ማስገባት ብቻ ነው። ጂኦሲቲስ የሚባለው የነጻ ድረ ገጾች መንደር በ2009 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ስንት ሰው በፍቅር የሠራው ገጽ አብሮ ሄዷል፣ የተረፈው ሰው ቀድሞ የቀዳው ነው።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎት። ድረ ገጹ ላይ ካለው ነገር የእርስዎ የሆነው ጥቂቱ ነው። ግጥሙ የገጣሚው ነው፣ ዜማው የዜማ ደራሲው ነው፣ በተቀረጸው ድምፅ ላይ አሳታሚውም ድምፃዊውም የየራሳቸው መብት አላቸው። በአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። በአሜሪካ ሕግ በጥቅሉ ከሞት በኋላ 70 ዓመት ነው። በ1960ዎቹ የተጻፈ ግጥም ለእኛ የድሮ ነው እንጂ ለሕጉ ገና ልጅ ነው። ስለዚህ ልጅቷን "ሁሉም ያንቺ ነው" አይበሏት፣ የሌለዎትን መስጠት አይቻልም። መስጠት የሚችሉት የራስዎን ጽሑፍ፣ ራስዎ ያነሷቸውን ፎቶዎች፣ አድራሻውንና ስሙን ነው። እሱንም በጽሑፍ ያድርጉት፣ አሜሪካ ውስጥ የቅጂ መብት ባለቤትነት በቃል አይተላለፍም። አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፣ ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ። የድምፃውያኑን ታሪኮች አንድ ቀን መጽሐፍ አደርጋቸዋለሁ ካሉ ደግሞ መብቱን ለራስዎ ይያዙና ለእሷ ሳያቋርጥ የማተም ፈቃድ ብቻ ይስጧት። እኔ ብሆን እንዲያ አደርጋለሁ።

የገጣሚ ልጅ ደውሎ "አባዬ ደስ ይለው ነበር፣ ይቆይ" ያለዎት ጊዜ አለ አይደል? ያ ፈቃድ የተሰጠው ለእርስዎ ነው። ማን እንደደወለ፣ በየትኛው ዓመት፣ ምን እንዳለ ይጻፉላት። በሕይወት ያሉትን ደግሞ ደውለው ያስተዋውቋት። እዚህ ላይ ሕጉም ይሉኝታውም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

በሪል ፕሌየር (የድሮ የድምፅ ማጫወቻ) ዘመን የጫኗቸው የድምፅ ቅንጭብጭቦች ካሉ ግን ባያወርሷት እመርጣለሁ። ዛሬ የሚከፍታቸው ጥቂት ሰው ነው፣ ክስ ቢመጣ ግን ተጠያቂዋ እሷ ናት። ለራስዎ ያስቀምጧቸው። አንድ የመብት ባለቤት ቅሬታ ቢኖረው አሜሪካ ላለው ሆስቲንግ ይጽፋል፣ ሆስቲንጉ ለእናንተ ያስተላልፋል፣ መልስ ካጣ ገጹን ይዘጋል። ስለዚህ ለቅሬታ የተጻፈው ኢሜይል እሷ በየቀኑ የምታየው መሆን አለበት።

የመዋጮ ነገር ካለ በግል ስምዎ ያለውን የፔይፓል አካውንት አያጋሯት፣ ሊንኩን አንስተው ይዝጉት። በኢሜይል የሚከታተሉ አንባቢዎች ዝርዝር ካለም ከመስጠትዎ በፊት ለሰዎቹ ይንገሯቸው፣ የማይፈልግ ይውጣ። አውሮፓ ያሉት ላይ ይህ የሕግ ጉዳይም ነው።

እስካሁን ያወራነው በአንድ ሳምንት ያልቃል። ጊዜ የሚፈጀው ጭንቅላትዎ ውስጥ ያለው ነው።

ገሠሠ ብለው የጻፉት በንጉሡ ሠ ነው ወይስ በእሳቱ ሰ? ፀሐይ በፀሐዩ ፀ፣ ጸጋዬስ? እርስዎ ለራስዎ ደንብ አውጥተው ይሆናል፣ ጽፈው ግን አላስቀመጡትም። እሷ በሌላው ከጻፈች አንድ ድምፃዊ ሁለት ሰው ይሆናል፣ በአንዱ የፈለገ ሰውም ግማሹን ዘፈን አያገኝም። ዓመተ ምሕረቱም እንዲሁ ነው። ጥላሁን ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ነው። "2001" ብቻ ተብሎ ከተጻፈ እዚያ ማዶ ያደገ ልጅ ስምንት ዓመት አሳስቶ ያነበዋል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቦታ ቀድቶ ያሰራጨዋል። ሸክላ የታተመበት ዓመት ላይ ደግሞ ይህ ስህተት በየቦታው ሞልቷል። የትኛው ገጽ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ይንገሯት፣ ከአሁን በኋላም ሁልጊዜ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ይጻፍበት።

ከዚያ ደግሞ የሰው ጉዳይ አለ። ግጥሙን "የአባቴ ነው" የሚሉ ሁለት ቤተሰቦች ያሉበት ገጽ ይኖራል። ቤተሰብ ለምኖዎት ያነሱት ፎቶ ይኖራል። ሁልጊዜ በቁጣ የሚጽፍ፣ ግን ሁልጊዜ ልክ የሆነ አንድ አንባቢ ይኖራል። እነዚህ ካልተነገሯት የተነሳውን ፎቶ "ጠፍቶ አገኘሁት" ብላ ትመልሰዋለች፣ ያን ቁጡ አንባቢም ታግደዋለች። ይህን ሁሉ ተቀምጠው ይጻፉ አልልዎትም፣ ዓይንዎ ደክሟል። በቴሌግራም ድምፅ ይላኩላት። እሷ ገጾቹን በተራ ትክፈት፣ እርስዎ ስለ እያንዳንዱ ትዝ ያለዎትን ያውሩ፣ እሷ ትጻፈው። ሐሜቱንም አይተዉት፣ የማይታተም መሆኑን ብቻ ይንገሯት።

የማልወደውን ብታደርግስ ላሉት፦ ታደርጋለች። ቀለሙን ትቀይራለች፣ ቴሌግራም ቻናል ትከፍታለች፣ ከካሴት ዘመን ወዲህ ያለ ዘፈን ታስገባለች። ገጹ የሚኖረው እንዲያ ከሆነ ነው፣ እንዳለ ይቀመጥ ካሉ ግን አርካይቭ ላይ አስቀምጠው ቢዘጉት ይሻላል። ግን በጭራሽ የማይሆኑ ነገሮች ካሉ አሁን ይምረጧቸው፣ ከሦስት አይብለጡ። ለምሳሌ የቁማር ማስታወቂያ እንዳይገባ፣ የግጥም ባለቤት ስም ያለ ማስረጃ እንዳይቀየር፣ በቤተሰብ ጥያቄ የተነሳ ነገር እንዳይመለስ። በዚያው አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ይግቡ። አራተኛ አንቀጽ ከተጨመረ ደግሞ ይህ ይሁን፦ እሷም አንድ ቀን ቢደክማት ዶሜይኑን አትሸጥም፣ መጀመሪያ ለእርስዎ ወይም ለተስማማችሁበት ሰው ታቀርባለች።

ከዚያ አንድ ሁለት ወር አብራችሁ ሥሩ። መጀመሪያ እሷ ትጻፍ፣ እርስዎ ያትሙ። ቀጥሎ ራሷ ታትም፣ እርስዎ ከታተመ በኋላ ያንብቡ። በመጨረሻ የአድሚን (የአስተዳዳሪ) መብትዎን ያነሳችው እሷ ትሁን፣ ፓስዎርዶቹን ሁሉ የምትቀይረውም ያኔ ነው። እዚህ ላይ ነው አስረካቢዎች የሚደናቀፉት፣ "ለክፉ ቀን" ብለው አንድ መግቢያ ያስቀራሉ፣ ከዚያ ሌሊት ገብተው ኮማ ያስተካክላሉ። እርማት ካለዎት እንደማንኛውም አንባቢ ይላኩላት። እሷም የጀመረችው እንዲያው ነው።

ስምዎ ይቆያል እንጂ! "መሥራች" ተብሎ ከነዓመቱ፣ ስለ ድረ ገጹ በሚለው ገጽ ላይ ይቀመጥ። የግል ኢሜይልዎና ስልክዎ ግን ይነሱ፣ አለበለዚያ ሰው ሁሉ በእሷ ላይ ያለውን አቤቱታ ለእርስዎ ነው የሚያመጣው። ማስታወቂያውንም ራስዎ ይጻፉት፣ እርማት ስትልክ የኖረችው እሷ መሆኗንም ይጥቀሱ። አንባቢዎችዎ ከእርስዎ በኋላ ማን መጣ ብለው የሚፈትኗት መጀመሪያ ወር ላይ ነው፣ ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀርላታለች።

ለጊዜው ግን አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ። ሬጂስትራሩ ጋ ገብተው ዶሜይኑ በማን ስም እንደተመዘገበ፣ በየትኛው ኢሜይልና መቼ እንደሚያበቃ ይዩና ይጻፉልኝ። በ1992 ኮምፒውተር የሚያውቅ የወንድም ልጅ ረድቶዎት ከሆነ በእሱ ስም ሆኖ ቢገኝ አይገርመኝም። እንዲያ ከሆነ ከልጅቷ በፊት የምንፈልገው እሱን ነው።